ሞተር እየሠራ ባትሪ አይነቀልም

ከነዳጅ ማደያው ጀርባ፣ ጎማ ቤቱንና ብየዳ ቤቱን አለፍ ብሎ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራበት ጠባብ ጋራዥ አለ። ባለቤቱን ሰው ሁሉ ጋሽ ሽቦ ይላቸዋል። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቅ በሰፈሩ ቢፈለግ ከራሳቸው በቀር የሚገኝ አይመስለኝም። ቀጭን ናቸው፣ ረጅም ናቸው፣ ሲነኳቸው ቶሎ ይግላሉ፤ ስሙን ያወጣላቸው ሰው አልተሳሳተም።

በዚያ ጠዋት እዚያ የተገኘሁት በባለቤቴ መኪና ምክንያት ነው። እኔ መምህር ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ አዋላጅ ነርስ ናት። ከከተማው ወጣ ባሉት የእርሻ መንደሮች እየዞረች እርጉዞችን ትከታተላለች፤ ምጥ የጠናባትንም ሆስፒታል ታደርሳለች። መኪናዋ ግን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አልነሳም እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ገፊ አድርጋው ቀረች። ይህ ብቻ ቢሆን ስቀን ባለፍነው። ነገር ግን ከወፍጮ ቤቱ ማዶ የምትኖር አንዲት ሴት ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጇን በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ሁለተኛውን ለመውለድ ቀኗ የደረሰ። ሐኪሞቹ "ምጥ ሲጀምራት ጊዜ ሳይባክን ሆስፒታል ትምጣ" ብለው ለባለቤቴ አደራ ሰጥተዋታል። በዚያ መንገድ ሌላ መኪና አይገኝም። ባለቤቴ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ መተኛት ከጀመረች ሰንብታለች። የምትፈራው ምጡን አልነበረም፤ ምጥማ ሥራዋ ነው። የምትፈራው የመኪናዋን ቁልፍ አዙራ ዝም እንዳትላት ነበር።

ጋራዡ ስደርስ ጋሽ ሽቦ ከሌላ ባትሪ ኃይል ተበድረው ሞተሩን አስነስተዋል፤ ኮፈኑን ከፍተው ከወገባቸው በላይ መኪናዋ ውስጥ ገብተዋል። በሩ ላይ ሻንጣ የያዘች ወጣት ሴት ቆማለች። ከአውቶቡስ እንደወረደች ጫማዋ ላይ ያለው አቧራ ያስታውቃል። ሰላምታ ሰጠችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"ጋሼ ናቸው አይደል ያሉት? ሳያዩኝ ላስደንግጣቸው ብዬ ነው" አለችኝ።

"አስደንግጫቸው። እኔ አላየሁሽም" አልኳት።

እየሳቀች በእግሯ ጣቶች ተራመደች። ጋሽ ሽቦ ግራ እጃቸውን የባትሪው ጥቁር ገመድ ላይ አድርገው፣ በቀኛቸው መፍቻ ይዘው፣ የላላውን ማሰሪያ ወደ ላይ ሊስቡት ሲሉ አየች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ሻንጣዋን መሬት ላይ ጥላ፣

"ጋሼ! እንዳይነቅሉት!" ብላ በሁለት እጇ ገመዱን ባትሪው ላይ ተጫነችው።

ጋሽ ሽቦ ቀና ሲሉ ጭንቅላታቸው ከኮፈኑ ጋር ተጋጨ።

"የፈጣሪ ያለህ! አንቺ! መቼ መጣሽ?"

"አሁን መጣሁ። እባክዎ መጀመሪያ መፍቻውን ያስቀምጡልኝ።"

"ሰላምታውስ? ሰው ከመንገድ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚገባው?"

"ሰላምታው ይደርሳል ጋሼ። ይህ ከተነቀለ ግን የሚመለስ ነገር የለም። ሞተሩን ላጥፋውና እንደ ልባችን እንሳሳም።"

ሞተሩን አጠፋች፤ ተሳሳሙ። ጋሽ ሽቦ ግንባራቸውን እያሻሹ ወደ እኔ ዞር አሉ።

"መምህር፣ ይህች የወንድሜ ልጅ ናት። አባቷ ከሞተ ጀምሮ እዚሁ ጋራዥ ውስጥ፣ በሽቦና በፊውዝ መካከል ነው ያደገችው። አሁን እሷም እንዳንተ አስተማሪ ሆናለች። በቴክኒክ ኮሌጅ የመኪና ኤሌክትሪክ ታስተምራለች አሉ። ይኸው ለዕረፍት መጣችና መጀመሪያ የምታስተምረው እኔን ሆነ።"

በቀልድ ነው ያሉት፤ ቀልዱ ግን ትንሽ ጎምዘዝ ያለ ነበር። እሷም ገብቷታል።

"እርስዎን ለማስተማር አልመጣሁም። ግን ይህ ፈተና ለዚህ መኪና አይሆንም።"

"የቱ ፈተና?" አልኩ እኔ፣ መኪናው የእኛ ስለሆነ ጣልቃ መግባት መብቴ ነው ብዬ።

"ቀላል ነገር ነው" አሉ ጋሽ ሽቦ። "ሞተር እየሠራ ባትሪውን ትነቅላለህ። ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው በሕይወት አለ፤ ከጠፋ ሞቷል። ጸጉሬ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የምፈርደው በዚህ ነው። አሳስቶኝ አያውቅም።"

"በዚያን ጊዜዎቹ መኪኖች ላይ አያሳስትም ነበር" አለች ልጅቱ። "ግን ያስቡት ጋሼ። ዲናሞው የሚያመነጨውን የሚቀበለው ባትሪው ነው። በድንገት ሲነቀል ያ ኃይል መሄጃ ያጣል። ቮልቱ ለዓይን ጥቅሻ ያህል በብዙ እጥፍ ይዘላል። የድሮ መኪና ላይ ቢበዛ አምፖል ነው የሚቃጠለው። እዚህ ውስጥ ግን ኮምፒውተር አለ፤ ሞተሩ የሚነሳው በእሱ ፈቃድ ነው። ሁልጊዜ ላይቃጠል ይችላል። ከተቃጠለ ግን መኪናዋ የምትሄደው ተጎትታ ነው።"

እኔ የማዶዋ ሴት ትዝ አለችኝ። አንድ ዓይና በአፈር አይጫወትም ይባላል። እኛ ያለችን መኪና አንድ፣ ያለችን አዋላጅም አንድ።

"ጋሽ ሽቦ፣ እባክዎ ለዛሬ ይቅርብን" አልኩ።

እሳቸው መፍቻውን ጨርቅ ላይ ጠርገው አስቀመጡ፤ ፊታቸው ግን እንደተቋጠረ ነው።

"እሺ፣ አልነቅልም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል ግን ሰምታችኋል።"

"ያቦኩትማ እርስዎ ነዎት" አለች ልጅቱ ረጋ ብላ። "እኔ ያቀረብኩት ብቻ ነው።"

እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ተማሪ ቢኖረኝ ክፍሉን ለእሱ ትቼለት ብወጣ ደስ ይለኛል። ጋሽ ሽቦም ፈገግታቸውን በጢማቸው ሥር ሸሸጉት። ወደ ፊት ወንበር ሄደው የሲጋራ መለኮሻው ላይ የተሰካችውን ትንሽ የቮልት ማሳያ ጠቆሙን። ይህችን ማሳያ የገዛኋት እኔ ነኝ፤ ከእሷ በኋላ እኔና ባለቤቴ መንገድ ማየት ትተን እሷን ስናይ ነበር የምንውለው።

"ይህችን ምን ልታደርጊያት ነው? አዋላጇ ስትነዳ አሥራ ሁለት ነጥብ ስምንት ይላል። ሞተር እየሠራ አሥራ ሁለት! ጤነኛ ዲናሞ አሥራ አራት ነጥብ ሁለት ላይ ቆሞ አይነቃነቅም። ስለዚህ ዲናሞውን ቀየርኩት። የቀየርኩትም ያንኑ አለ። ሁለቱም ሞተዋል።"

"ሁለት ዲናሞዎች አንድ ዓይነት ነገር ከተናገሩ፣ የሞቱት እነሱ ናቸው ወይስ ያልሰማናቸው እኛ ነን?"

"ስለዚህ ሌላ መላ አለኝ" አሉ፣ ያልሰሙ መስለው። "ከኮምፒውተሩ የሚመጣውን ገመድ ቆርጬ፣ የድሮውን ዓይነት መቆጣጠሪያ ከውጭ እገጥምለታለሁ። አሥራ አራት ላይ ቸንክሬ አስቀምጠዋለሁ። መዋዠቅ የለ፣ ምን የለ።"

"ጋሼ፣ ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል። ከመቁረጥዎ በፊት አንድ ጊዜ እንውጣ። በእኔ ቃል አይደለም፣ በራስዎ ቴስተር ይለኩ።"

ይህ አነጋገር ጥሩ ነበር። የለመደ ሰው የሌላውን ቃል ላያምን ይችላል፤ የገዛ መለኪያውን ግን ክዶ አያድርም። እኛ የተማርን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው በሚያምነው ነገር መጀመር ሲገባን እኛ በምናምነው እንጀምራለን፤ ከዚያ "አልገባው አለ" ብለን እናማዋለን።

ጋሽ ሽቦ የእኔን ማሳያ ስላላመኗት ከባትሪው ላይ ሁለት ረጅም ገመዶች ስበው በመስኮት አስገቡና የራሳቸውን ቴስተር ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። የላላውን ማሰሪያ አጥብቀው፣ ሞተሩንም በተበደሩት ባትሪ እንደገና አስነሱ፤ እኔ መሪ ያዝኩ፤ ልጅቱ ከኋላ ተቀመጠች። ወደ ውኃ ማጠራቀሚያው የሚያወጣውን ዳገት ጀመርን።

"አሥራ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ!" አሉ ጋሽ ሽቦ በድል ድምፅ። "አላልኩም? ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ ነው፤ ዲናሞው ግን ተኝቷል።"

"ትንሽ ይታገሱ። መምህር፣ ጫፉ ላይ ሲደርሱ እግርዎን ከነዳጁ ላይ ያንሱ።"

ጫፉን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር እግሬን አነሳሁ።

ጋሽ ሽቦ ወደ ቴስተሩ ጎንበስ አሉ። ቴስተሩን መታ መታ አደረጉት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ።

"ምን ይላል?" አልኩ።

"አሥራ አራት ነጥብ ዘጠኝ።"

"ሙት ተነሣ ይበሉኛ!"

"አንተ መንገድህን እይ" አሉኝ። ቆየት ብለው ግን "እስቲ መልሰህ ውጣ" አሉ።

መልሼ ወጣሁ፤ መልሼ ወረድኩ። ስንወጣ ይወርዳል፤ ስንወርድ ይወጣል። አሁንም ድገም ተባልኩ። የማጠራቀሚያው ጠባቂ በመጨረሻ ምን ጠፍቶባቸው ነው ብሎ ከቤቱ ወጥቶ ይመለከተን ጀመር።

"ጋሼ" አለች ልጅቱ፣ "ልጅ ሆኜ የዲናሞውን ቀበቶ አስይዘውኝ፣ 'ዲናሞ ሲያመነጭ ሞተሩ ላይ ይከብዳል፤ ኤሌክትሪክ በነጻ አይመጣም' ያሉኝ ትዝ ይልዎታል?"

"እውነት ነዋ።"

"ታዲያ ዳገት ላይ ሞተሩ በጣር ሲጎትት፣ ኮምፒውተሩ ዲናሞውን 'አንተ ለጊዜው እረፍ' ይለዋል። በዚያች ሰዓት መኪናዋ ከባትሪዋ ትበላለች። ቁልቁለት ላይ ደግሞ መኪናዋ በራሷ ክብደት ትንደረደራለች፤ ነዳጅ አትፈልግም። ያን ጊዜ 'አሁን በርትተህ ሥራ' ይለዋል። ፍሬን አሙቆ ይባክን የነበረው ጉልበት ባትሪው ውስጥ ይገባል።"

ጋሽ ሽቦ ከመስኮቱ ውጭ እያዩ አሰቡ።

"ይሁን። ግን ባትሪው ሁልጊዜ ሙሉ ቢሆን ምን ይጎዳል? እኔ ባትሪ ሙሉ ሲሆን ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።"

"ጣራዎ ሥር ያለው የዝናብ በርሜል ዝናቡ ሳይመጣ አፉ ድረስ ሞልቶ ቢቆይስ?"

"ዝናቡ ሲመጣ ይፈስሳላ።"

 ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ "አሃ። ጎደል አድርጎ የሚይዘው ለቁልቁለቱ ቦታ ሊተውለት ነው" አሉ። አባባላቸው ከልጅቱ አባባል አጥሮ ስለወጣ በልቤ አጨበጨብኩ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ከእሳቸው ይፈልቅ ጀመር።

"ማታስ? መብራት ሲበራ?"

"ያብሩትና ይዩ።"

አበራሁት። ቁጥሩ ከፍ ብሎ አሥራ አራት አካባቢ ረጋ።

"መብራት ሲበራ ወይም ዝናብ መጥረጊያ ሲሠራ እንደ ልቡ አይዋዥቅም፤ ከፍ አድርጎ ያረጋዋል። በብርድ ጊዜም ባትሪ ለመቀበል ሰነፍ ስለሆነ ከፍ ያለ ይሰጠዋል፤ ሙቀት ሲበዛ ይቀንስለታል። በሙቀት ከመጠን በላይ የተሞላ ባትሪ እንደሚፈላ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።"

"ስንቱን ሲፈላ አይቻለሁ!" አሉ። "ስንቱን እኔው አፍልቻለሁ ብል ይሻላል።"

"አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ሁሉም መኪና እንዲህ አይደለም። የድሮው ዓይነት መኪና ዛሬም አሥራ አራት ላይ መቆም አለበት፤ እሱ ሞተሩ እየሠራ አሥራ ሁለት ካሳየዎት ፍርድዎ ትክክል ነው፣ ዲናሞው ታሟል። ያወቁት ነገር አልተሻረም። ከመፍረድዎ በፊት 'ይህች መኪና የየትኛው ዘመን ናት?' ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው የተጨመረው።"

ይህች ንግግር የጋሽ ሽቦን ትከሻ ዝቅ ስታደርገው በዓይኔ አየሁ። ሽማግሌ ሰው አዲስ ነገር አልቀበልም የሚለው ብዙ ጊዜ አዲሱን ጠልቶ አይደለም፤ የኖረበት ሁሉ ከንቱ ነበር የተባለ መስሎት ነው። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ እንዲሉ፣ እውቀትም ሲሰፈር የሚነገረው ቃል መጣፈጥ አለበት።

ጋራዡ ተመለስን። ጋሽ ሽቦ ግን በቀላሉ የሚለቁ ሰው አይደሉም፤ ጥሩ ባለሙያም መልቀቅ የለበትም።

"ዲናሞው ጤነኛ ነው እንበል። ታዲያ ጠዋት ለምን አልነሳም ትላለች? ይህን እኔ አልፈጠርኩትም፤ መምህርና ጎረቤቶቹ ሲገፉ ወገባቸው ተቆርጧል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ሥሩን አሳይኝ።"

"እኔም የምፈልገው ይህንኑ ጥያቄ ነው" አለች።

ከሻንጣዋ ውስጥ የክብሪት ሳጥን የምታህል ማንበቢያ አውጥታ ከመሪው በታች ሰካቻት። ስልኳ ላይ ኮምፒውተሩ ስለ ባትሪው የሚያምነው ነገር ተጻፈ፤ ከመቶ ሰማንያው ሞልቷል ይላል። ከዚያ ላይ ላዩን ያለው ቻርጅ እንዲወርድ መብራቱን ጥቂት አብርተን አጠፋንና ጋሽ ሽቦ በቴስተራቸው ለኩ። አሥራ ሁለት ላይ በግድ ነው የቆመው።

"ይህ ባትሪ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም!" አሉ። "ኮምፒውተሩ ሰማንያ ይላል፣ ቴስተሬ ባዶ ይላል። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል።"

"የዋሸ የለም፤ የተታለለ ግን አለ። ይህች ኔጌቲቩ ጫፍ ላይ ያለችው ጥቁር ነገር ምን ትመስልዎታለች?"

"የማሰሪያው ክዳን ናታ።"

"ሴንሰር ናት። ወደ ባትሪው የሚገባውም የሚወጣውም በእሷ በኩል ሲያልፍ ትለካለች፤ ኮምፒውተሩ የሚያምነው እሷን ነው። በበሩ የሚያልፈውን ሁሉ ታያለች። በአጥር ዘሎ የሚሄድ ካለ ግን አታየውም።"

ጋሽ ሽቦ ጎንበስ አሉ። በጣታቸው ገመዶቹን አንድ በአንድ ይዳስሱ ጀመር። የባለቤቴ መኪና ውስጥ መድኃኒት የሚቀመጥበት ትንሽ ማቀዝቀዣ አለ፤ ጣራው ላይ ደግሞ በጨለማ መንገድ የምታይበት መብራት አለ። የሁለቱም ጥቁር ገመዶች ሴንሰሯን አልፈው፣ የባትሪው ጫፍ ላይ በቀጥታ ታስረዋል። አስተሳሰሩ ያምራል፤ በጥቁር ቴፕ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ተቆልምሞ፣ አንዲት ቀጭን ሽቦ እንኳ ሳታፈነግጥ። ማቀዝቀዣው ሌት ተቀን ከባትሪው ይጠጣል፤ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አይሰማም፤ ባትሪው ደህና ነው ብሎ ዲናሞውን ያሳርፋል።

ጋሽ ሽቦ ቴፑን በአውራ ጣታቸው ፈተግ አደረጉት።

"ይህን ያሰርኩት እኔ ነኝ" አሉ በመጨረሻ።

ቀና ብለው ወደ ልጅቱ ዞሩ።

"'ኔጌቲቭ ከባትሪው አፍ' እያልኩ ስንት ሰው አስተምሬያለሁ! ቦዲ ይዝጋል፣ ብሎን ይላላል፣ ሥራ የሚባለው ከባትሪው አፍ ሲሳብ ነው እያልኩ። ለአዋላጇ መኪና ነው ብዬ፣ ከሁሉም አስበልጬ ተጠንቅቄ ነው የሠራሁት።"

እውነታቸውን ነው። ሰነፍ ኤሌትሪሺያን ቢሆን ኖሮ በቅርብ ያገኘው የቦዲ ብሎን ላይ አስሮ ይሄድ ነበር፤ መኪናችንም ደህና ትሆን ነበር። ጥፋቱ የመጣው ከትጋት ነው። ትጋት ዘመኑን ሳይጠይቅ ሲሠራ እንዲህ ይሆናል፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቀም ይዋላል፣ ጤነኛ ዲናሞም ይወቀሳል።

"ሕጉ በጊዜው ትክክል ነበር" አለች ልጅቱ።  "ሴንሰር የሚባል ነገር መምጣቱን ደግሞ ማንም አልነገረዎትም። እኔ አውቅ ነበር ጋሼ። በየዓመቱ ለተማሪዎች እናገራለሁ፤ ያሳደገኝ ጋራዥ ድረስ መጥቼ ግን አልነገርኩም። የእርስዎ ብቻ አይደለም።"

"ጥፋት መካፈልሽ ደግ ነው፤ አንቺነትሽም ይህ ነው" አሉ። "ገመዱን የማነሳው ግን እኔ ነኝ።"

አነሱትም። የቦዲውን ቀለም እስከ ብረቱ ፍቀው፣ ብሎኑን አጥብቀው፣ እንዳይዝግ ግሪስ ቀብተው፣ ማቀዝቀዣውንም መብራቱንም እዚያ አሰሩ። ልጅቱ ስልኳን አሳየቻቸው፤ ማቀዝቀዣው ሲበራ አሁን ኮምፒውተሩ ያውቃል። ባትሪው ሌላ ጊዜ ሲቀየርም መኪናዋ ከፋብሪካ የመጣችበት ዓይነት እንዲሆን፣ መቀየሩም ለኮምፒውተሩ እንዲነገር አስረዳቻቸው። እሳቸውም "ለእሱም ይነገረዋል?" ብለው ሳቁ። ያን ዕለት ያየሁት የመጀመሪያ ሙሉ ሳቃቸው ነበር። ከዚያ ባትሪውን ቻርጅ ላይ አደረጉት።

ከቀትር በኋላ ባለቤቴ ቦርሳዋን ታቅፋ እየሮጠች መጣች።

"ጀመራት! አሁን ደወሉልኝ። መኪናዋስ?"

ጋሽ ሽቦ የባትሪውን ማሰሪያ እያጠበቁ፣ "ግቢ ልጄ" አሉ። ልጅቱ ኮፈኑን ዘጋች። ባለቤቴ መሪው ላይ ተቀመጠች፤ ቁልፉን ያዘች፤ ዓይኖቿን ጨፈነች። ጋሽ ሽቦ ለመግፋት እጅጌያቸውን ሰብስበው ከኋላ ቆመዋል፤ እኔም ከጎናቸው። ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አንዴ እንኳ ሳያንገራግር ተነሳ። እጃችን አየር ላይ ቀረ፤ መኪናዋ ሄደች።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጋሽ ሽቦ ሥራ የያዙ ለመምሰል የተጠቀለለ ሽቦ እየፈቱ መልሰው ይጠቀልሉ ነበር።

"ነቅዬው ቢሆን ኖሮ..." አሉ።

"አልነቀሉትም እኮ" አለች ልጅቱ።

"እጅሽ ነው የከለከለኝ። ሰው ፊት ከለከልሽኝ ብዬ ተቆጥቼ ነበር። አሁን እጅሽን መሳም ነው የሚገባኝ።"

"ይህን እጅ ሥራ ያስያዙት እርስዎ ነዎት። አባቴ ሲሞት 'ሴት ልጅ ጋራዥ ምን ትሠራለች' ያለዎት ሰው ብዙ ነበር። አልሰሟቸውም። እኔ በየክፍሉ ስገባ የማመሰግነው እርስዎን ነው፤ ፊት ለፊት ነግሬዎት ግን አላውቅም።"

ጋሽ ሽቦ ፊታቸውን አዙረው ሽቦውን መጠቅለል ቀጠሉ። እኔም በዚያች ጠባብ ጋራዥ ውስጥ፣ በአሮጌ ባትሪዎች መካከል ተቀምጬ፣ ስለ ሁለቱም አመሰገንኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ስልኬ ጮኸ። "ሴት ልጅ!" አለች ባለቤቴ። "ሁለቱም ደህና ናቸው። ሐኪሙ 'ባትፈጥኑ ኖሮ እናቲቱን አናተርፋትም ነበር' አለኝ።" ለጋሽ ሽቦ ስነግራቸው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ፤ የተጠቀለለው ሽቦ ከጭናቸው ወደቀ።

በማግስቱ የብየዳ ቤቱን፣ የጎማ ቤቱንና የሌሎቹን ጋራዦች ሠራተኞች ሰብስበው እንዲህ ሲሉ ሰማኋቸው፦

"ከዛሬ ጀምሮ ሞተር እየሠራ ባትሪ የሚነቅል ሰው ጓደኛዬ አይደለም፤ እኔም ብሆን። የዘንድሮ መኪና ቮልቱ ወጣ ወረደ ብላችሁ ዲናሞ አትግደሉ። ሲወርድ ለሞተሩ እያዘነለት ነው፣ ነዳጅ ይተርፋል። ሲወጣ በነጻ እየሞላ ነው። ባትሪው አይፈላም፣ ዕድሜው ይረዝማል። ሴንሰር ያለበት መኪና ላይ የምትጨምሩትን ዕቃ ቦዲ ላይ እሰሩ፣ ከባትሪው አፍ አትሰሩ። 'ከባትሪው አፍ' ያልኳችሁ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የማነሳውም እኔ ነኝ። ያልገባው ይህችን ልጅ ይጠይቃት። መጠየቅ አያሳፍርም፤ እኔ ትናንት ጠይቄ ዛሬ ደህና አደርኩ።"

ንግግር ብቻም አልሆነ። ልጅቱ ዕረፍቷን እስክትጨርስ ድረስ ሁለቱ እየዞሩ፣ እሳቸው ዕቃ የጨመሩባቸውን አዳዲስ መኪኖች ገመድ አስተካከሉ። "ዲናሞህ ሞቷል" ያሉት የዳቦ መኪና ሾፌር ቤት ድረስ ሄደው፣ "ዲናሞህ ደህና ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አሉት። ስሜ ይጠፋል ብለው ፈርተው ነበር። ሾፌሩ ግን ወንድሙንና የወንድሙን መኪና ይዞ መጣላቸው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሚውለው ግን ጥፋት የለብኝም የሚል ሰው ስም አይመስለኝም።

እናቲቱ ከወገቧ ቀና ስትል ሕፃኗን ታቅፋ ከባለቤቴ ጋር ጋራዡ ድረስ መጣች።

"ያቺን መኪና ያስነሳት ማነው? ላመሰግነው ነው የመጣሁት" አለች።

ሁላችንም ጋሽ ሽቦን አየን። ምስጋናውን ዝም ብለው ቢቀበሉ የሚቃወማቸው አልነበረም።

"እንዳትነሳ ያደረግኋት እኔ ነኝ" አሉ። "ያስነሳቻት ይህች ልጄ ናት።"

እናቲቱ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ልጅቱን ተመለከተች።

"እኔ ይህን አላውቅም" አለች። "የማውቀው ስጠራት መድረሷን ነው። እንኩ አባቴ፣ ይቀፏት።"

ጋሽ ሽቦ እጃቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉ። "ግሪስ ነው እጄ።"

"ይታጠቡ። እኛ እንጠብቅዎታለን።"

ጋሽ ሽቦም እስከ ክርናቸው ድረስ ታጥበው መጡ።